በለቅሶ ቤት የተተረጐመች አንዲት ቃል

ነገሩ የሆነው በጎጃም ካሉት ትንንሽ የወረዳ ከተሞች በአንዲቱ፣ በ1957 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ እኔ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ነው። ከእኛው ክፍል አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በላይኛው አገር ዘንቦ በድንገት የሞላ ወንዝ ወሰደው፤ ሬሳው በማግሥቱ ከታችኛው መሻገሪያ ተገኝቶ በደብሩ ቅጥር ከተቀበረ በኋላ፣ በሠልስቱ ዕለት፣ እንግሊዝኛ ያስተምሩን የነበሩት እንግሊዛዊ መምህር ለቅሶ ልድረስ ብለው፣ ከተማሪው ሁሉ ቋንቋውን ይሻላል የምባለውን እኔን ለአስተርጓሚነት ይዘውኝ ሄዱ።

አባትየው ከቤቱ ፊት በተጣለው ዳስ ውስጥ፣ ኩታውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ራሱን በሁለት እጁ ደግፎ ከአጎዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጐንበስ ብለው፣ «አይ አም ሶሪ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ ይህችን ቃል የማውቃት የጓደኛን ቀለም ለደፋና ከደወል በኋላ ለገባ ተማሪ የምትሆን ቃል አድርጌ ስለ ነበር፣ ሳላመነታ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ይላሉ» ብዬ ተረጐምሁ።

አባትየው ቀና አለ። ያለቅሱ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ።

«ምን በድለውኝ?» አለ።

ከአጠገቡ የተቀመጡት የነፍስ አባቱ ትክ ብለው ተመለከቱኝ፤ መሳሳቴ ገብቶኝ፣ ምላሴ ደርቆ፣ «አይደለም፤ አዝኛለሁ ነው የሚሉት» ብዬ አቃናሁ። አባትየው ከዚያ በኋላ የመለሰውን በስፍራው እነግራለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስለዚያች ቃልና በቃሏ ውስጥ ስለ ተሰወረው ጥያቄ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳወጣና ሳወርድ የኖርሁትን ላቅርብ።

«ሶሪ» ከእንግሊዞች አፍ ከማለዳ እስከ ማታ የማትጠፋ ቃል ናት። በመንገድ ላይ ትከሻ ለትከሻ የተነካኩ ሰዎች፣ የነካውም የተነካውም፣ ይሏታል፤ የተነገረውን ያልሰማ ሰው እንዲደገምለት ሲፈልግ በጥያቄ ድምፅ ይላታል፤ የተለመነውን ለመስጠት የማይችል ወይም የማይፈቅድ ሰው እምቢታውን ለማለስለስ ያስቀድማታል፤ ወዳጁን ከድቶ ልቡ የተመለሰ ሰው ከእርሷ የቀረበ ቃል አያገኝም፤ ወደ ሐዘንተኛ ቤት የገባ ሰውም ይህችኑ ይዞ ይገባል። ይህ ሁሉ ሳይበቃት ደግሞ ከስም በፊት ስትቀመጥ ጐስቋላና ለዓይን የማይሞላ ማለት ስለምትሆን፣ አጥንቱ የወጣ የጋማ ከብት በእርሷ ይገለጻል። በእኛ ዘንድ ግን እነዚህ ነገሮች ሁሉ በየራሳቸው በር ይገባሉ፤ ያልሰማ «አቤት?» ይላል፤ ለማኝን ባዶ እጁን የሚመልስ «እግዜር ይስጥህ» ይላል፤ ለቅሶ የደረሰ «እግዜር ያጽናህ» ይላል፤ የበደለ «ማረኝ»፣ «ይቅር በለኝ»፣ «አፉ በለኝ» ይላል፤ ልጅ ሲወድቅ ያየ «እኔን!» ይላል። ይህን ስናይ ቋንቋችን ባለጸጋ ነው ብለን ተደስተን ብናልፍ ጥያቄውን ሳናየው እንቀራለን፤ ይኸውም፣ አንዱ ሕዝብ ሐዘንንና በደልን በአንድ ስም ሲጠራቸው፣ ሌላው ሕዝብ ለየብቻ ሲጠራቸው፣ የሰው ነፍስ ራሷ ለየትኛው አጠራር ትመሰክራለች? ማዘንና መበደል ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ወይስ የየራሳቸው ሥር ያላቸው?

የቃላትን የትውልድ ሐረግ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ «ሶሪ» ከሺህ ዓመት በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ትባል ነበር፤ «ሳሪግ»ም «ሳር» ከሚለው ስም የወጣች ናት፤ ትርጓሜውም ሕመም ወይም ቍስል ነው፤ ዛሬም የሚያመውን የገላ ክፍል «ሶር» ይሉታል። ሐዘን ማለት የሆነችው «ሶሮው» እኅቷ ትመስላለች እንጂ የሌላ ቤት ልጅ ናት፤ የእርሷ ሥር ጭንቀትና አሳብ ማለት ሁኖ፣ ለጀርመኖቹ «ዞርገ» ዘመድ ነው፤ ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተቀራርበው ከኖሩ በኋላ ግን ተናጋሪው እንደ እናትና ልጅ ቈጠራቸው። እንግዲህ «ሶሪ ነኝ» የሚል ሰው በቃሉ ሥር ሲመረመር በድያለሁ አላለም፤ ቈስያለሁ ነው ያለው።

ይህ ነገር ሲታሰብ በመጀመሪያ ያስቈጣል። አንተ የመታኸኝ ሰው፣ የእኔ ደም ገና ሳይደርቅ፣ ስለ ራስህ ቍስል ልትነግረኝ መጣህን? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስላል። ይሁንና ሶቅራጥስ፣ ደቀ መዝሙሩ አፍላጦን «ጎርጊያስ» በተባለው መጽሐፉ እንዳስነገረው፣ ግፍ ከተሠራበት ሰው ይልቅ ግፍ የሠራው ሰው የከፋ ጉዳት ይደርስበታል፤ በፊተኛው ላይ የደረሰው በገላው ወይም በንብረቱ ሲቀር፣ የኋለኛው ግን ነፍሱን ራሷን አቍስሏልና፤ ስለዚህ ሕመምተኛ ወደ ባለ መድኃኒት እንደሚሮጥ በዳይም ወደ ዳኛ ሊሮጥ ይገባዋል ይላል። በዚህ አስተሳሰብ ያየነው እንደ ሆነ፣ በዳይ ቈስያለሁ ማለቱ የራሱን ሕመም ከተበዳዩ ሕመም ለማስቀደም አይደለም፤ የሠራው ሥራ በእርሱም ላይ እውነተኛ ቍስል መሆኑን ማወቁ ነው፤ ይህን ያላወቀ ሰው የሚለምነው ይቅርታ ደግሞ ከቅጣት ማምለጫ ከመሆን አያልፍም።

ለ«ሶሪ» ተመሳሳይ ናቸው ተብለው በመዝገበ ቃላት ከሚሰለፉት መካከል ታላቋ «አፖሎጂ» ናት፤ ታሪኳም ስለ ሰው ልብ ብዙ ያስተምራል። ቃሉ የጽርዕ ሲሆን፣ «አፖሎጊያ» ማለት በዳኛ ፊት የሚቀርብ የመከላከያ ንግግር ነው። ሶቅራጥስ ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ399 ዓመት፣ ሰባ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ በአቴና ሸንጎ ቆሞ የተናገረውን አፍላጦን በጻፈበት መጽሐፍ ላይ ይኸው ስም ተጽፎበታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ይቅርታ የሚለምን ሰው የለም፤ እንዲያውም የሚገባውን ቅጣት ራሱ እንዲያመለክት በተጠየቀ ጊዜ፣ ለከተማው ባለውለታ እንደ መሆኑ መጠን በመንግሥት ማእድ እየበላ እንዲኖር ጠየቀ። በሁለተኛው መቶ ዓመት ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮማው ቄሣር ለአንጦኒኖስ ጲዮስ ስለ ክርስቲያኖች የጻፈውም አፖሎጊያ ይባላል፤ እርሱም ስለ እምነቱ ተሟገተ እንጂ አላፈረባትም። እንግሊዞችም ቃሉን በተቀበሉ ጊዜ በዚሁ በሙግት ትርጓሜው ያዙት፤ ወደ ይቅርታ መለመኛነት የዞረው በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው።

ራስን መከላከል እንዴት ጥፋትን ወደ ማመን ተለወጠ? እኔ እንደሚመስለኝ ለውጡ ገና አላለቀም፤ በእያንዳንዳችን አፍ ውስጥ በየቀኑ ይጀመራል፤ በየቀኑም በመንገድ ይቀራል። ሰው «አጥፍቻለሁ» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት ሲገባው «ነገር ግን» የምትለዋ ቃል ትመጣና በእርሷ በር የጥንቱ ጠበቃ ተመልሶ ይገባል፤ መንገዱ ስለ ራቀ ነው፣ ሌላው ስለ ጀመረኝ ነው፣ ሥራ ስለ በዛብኝ ነው ይላል። አባታችን አዳም በገነት ዛፎች መካከል ተሸሽጎ ሳለ በተጠራ ጊዜ የሰጠው መልስ፣ ጥፋቱን ወደ ሴቲቱ፣ ሴቲቱንም ወደ ሰጪዋ ወደ ፈጣሪ ያሳለፈበት መልስ፣ በጽርዑ ትርጓሜ የመጀመሪያው አፖሎጊያ ነው። መልሱ ሐሰት አልነበረበትም፤ ፍሬዋን የሰጠችው ሔዋን ናት፤ ሔዋንንም የሰጠው እግዚአብሔር ነው። ሐሰት ሳይኖርበት ንስሐም ያልሆነ ንግግር መኖሩን ከዚህ እንማራለን።

የቀሩትን ተመሳሳይ ቃላት ባጭሩ ላንሣ። «ሪሞርስ» ከላቲን የመጣች ሆና ተመልሶ መንከስ ማለት ናት፤ በካንተርበሪ የነበረ አንድ መነኩሴ በ1340 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይኛ የተረጐመውን የኃጢአትና የምግባር መጽሐፍ በአገሩ ቃል የሕሊና ንክሻ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ እኛም ጸጸት ሰውን ውስጥ ውስጡን በላው ስንል ከዚያው ጥርስ ጋር ተገናኝተናል። «ኮንትሪሽን» መድቀቅ፣ እህል በወፍጮ እንደሚደቅ መፈጨት ነው። «ሪግሬት» ግን ዛሬ ቀለል ብላ በየደብዳቤው የምትጻፍ ብትሆንም፣ በጥንቱ ፈረንሳይኛ ለሞተ ሰው ማልቀስ ማለት ነበረች፤ ስለዚህ እርሷም ወደዚያው ወደ ለቅሶ ቤት ትመልሰናለች።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል ልግባ። «ይቅርታ» የተወለደችው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ «ይቅር» ማለት ወደ ኋላ ይቅር፣ ከእንግዲህ አብሮን አይሂድ ማለት ነው። ግእዙም «ኀደገ» ሲል መተውንም ይቅር ማለትንም በአንድነት ይይዛል፤ በጽርዕ ወንጌልም የኃጢአት ስርየት የሚባለው ቃል መልቀቅ ማለት ነው። «ሶሪ» ስለ ተናጋሪው ስትናገር «ይቅር» ስለ ነገሩ ትናገራለች፤ አዝኛለሁ ለማለት አንድ ሰው ብቻውን ይበቃል፤ ይቅር እንዲባል ግን ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ያውም የሚያዝዘው የበደለው ሳይሆን የተበደለው ነው። ከዚህም በላይ ቃሉ መንገደኞችን ያስባል፤ አንድ ነገር ወደ ኋላ የሚቀረው ሌሎች ወደ ፊት ሲሄዱ ነውና፣ ይቅር የተባባሉ ሰዎች ከዚያ በኋላ አብረው ሊጓዙ ነው።

ነገር ግን የሆነ ነገር እንዴት ይቀራል? የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የተመታ ተመትቷል፣ የሞተም ሞቷል፤ እግዚአብሔር ራሱ ሁሉን ቻይ ሳለ የሆነውን እንዳልሆነ ያደርጋል ወይ የሚለው ጥያቄ የመካከለኛውን ዘመን መምህራን ብዙ አከራክሯል። የአገራችን ሽማግሎች ለዚህ የሰጡት መልስ በክርክር ሳይሆን በድንጋይ ነው። በዳይ ድንጋይ በትከሻው ወይም በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ጐንበስ ብሎ በተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ ሽማግሎቹ ቆመው ይለምናሉ፤ ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ» ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ ሲገቡ በዚሁ ሥርዐት ድንጋይ ተሸክመው ቀርበዋል። በጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤልም በሥግድ በዓል ወደ ተራራ ሲወጡ የትሕትና ምልክት አድርገው ድንጋይ ይሸከሙ ነበር። ልብ ያለው ሰው ይህን ሲያይ የሚገነዘበው፣ ድንጋዩ እንዳልጠፋ ነው፤ ከትከሻ ወርዶ ከመሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ግን እርሱ እዚያው ይቀራል። ያለፈው አልተሻረም፤ የሚሸከመው ሰው ግን የለም።

የአይሁድ ሊቃውንት ከሁሉ ይልቅ ያጠበቁት የተበዳዩን ሥልጣን ነው። በሁለት መቶ ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና እንደ ተደነገገው፣ ሰው በእግዚአብሔር ላይ የሠራውን በደል የስርየት ቀን ታስተሰርይለታለች፤ በባልንጀራው ላይ የሠራውን ግን ባልንጀራውን እስኪያስታርቅ ድረስ አታስተሰርይለትም። ተበዳዩ ሞቶ ቢሆንስ? ለሚለው ጥያቄ በ12ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሙሴ ማይሞኒደስ የሰጠው ሥርዐት፣ በዳይ ዐሥር ሰዎች ይዞ ወደ መቃብሩ ሄዶ፣ በእግዚአብሔርና በዚህ ሰው ላይ በድያለሁ ብሎ እንዲናዘዝ ነው። ይህን ሥርዐት ካነበብሁ በኋላ ብዙ ሌሊት አላስተኛኝም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እገልጣለሁ።

ከዚህ የሚጠልቀው ጥያቄ ግን ስለ እግዚአብሔር ራሱ የሚነሣው ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 6፣ የሰው ክፋት በበዛ ጊዜ እግዚአብሔር ሰውን በመፍጠሩ እንደ ተጸጸተ ተጽፏል፤ በ1611 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣው የንጉሥ ያዕቆብ ትርጕም በዚህ ስፍራ የንስሐን ግስ ሲያኖር፣ በ1952 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. የወጣው የተሻሻለው ትርጕም ደግሞ ያችኑ የመንገድና የገበያ ቃል፣ «ሶሪ»ን፣ ለእግዚአብሔር ሰጠ። የዕብራይስጡ ግስ «ናሐም» ነው፤ ይህም መጸጸትንም መጽናናትንም ይይዛል፤ በምዕራፍ 5 ኖኅ ሲወለድ አባቱ ይህ ልጅ ያጽናናናል ያለበት ግስ ይኸው ሲሆን፣ በምዕራፍ 6 ደግሞ በዚያው ግስ ፈጣሪ አዘነ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 15 ደግሞ እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ መጸጸቱ ከተነገረ በኋላ፣ በዚያው ምዕራፍ እርሱ እንደ ሰው የሚጸጸት አይደለም ይባላል። ጸሓፊው ሁለቱን ያኖራቸው ተሳስቶ ነው ብዬ አላምንም። በእግዚአብሔር ዘንድ በደል የለም፤ ሐዘን ግን አለ፤ እንግዲህ ሐዘን የበደል ጥላ ብቻ አይደለም፤ ያለ በደል ብቻዋን ልትቆም ትችላለች፤ ያውም በከፍተኛው ስፍራ የቆመችው እንደዚያ ሁና ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ ይሁዳ አለ። ወንጌላዊው ማቴዎስ በምዕራፍ 27 ይሁዳ ተጸጽቶ ሠላሳውን ብር እንደ መለሰ ሲነግረን፣ የተጠቀመበት የጽርዕ ግስ መጥምቁ ዮሐንስ ንስሐ ግቡ ሲል ከተጠቀመበት ይለያል፤ የፊተኛው ከሠሩት ሥራ በኋላ የአሳብ መክበድ ሲሆን፣ የኋለኛው «ሜታኖያ»፣ ልቡናን መለወጥ ነው። ዕብራውያን ንስሐን «ቴሹቫ»፣ መመለስ፣ ይሉታል፤ መመለስ ካለ የሚመለሱበት ፊት አለ። ይሁዳ ጥፋቱን ዐወቀ፤ ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጠሁ ብሎ አመነ፤ ገንዘቡንም መለሰ፤ ነገር ግን የተናዘዘው ለገዙት ሰዎች እንጂ ለተሸጠው አልነበረም። ጴጥሮስም በዚያችው ሌሊት ካደ፤ መራራ ለቅሶም አለቀሰ፤ ልዩነቱ ግን ወደ ከዳው ፊት መመለሱ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ ወደ ንስሐ የሚያደርስ ሐዘንና ወደ ሞት የሚያደርስ ሐዘን ብሎ የለየው ይህን ይመስለኛል።

በሐዘንና በበደል መካከል የሚቆም፣ ከሁለቱም የሚበልጥ አንድ ቃል በቋንቋችን አለ። አንዲት ጎረቤታችን፣ የራሷ ልጅ ያልነበራት፣ ከደጇ ተቀምጣ ጤፍ ስትነፋ፣ የሰው ልጅ ሩጦ ሲመጣ ከደረጃው ድንጋይ ተደናቅፎ በጕልበቱ ወደቀ፤ ልጁ ገና ለማልቀስ አፉን ሳይከፍት፣ ወንፊቱ ከእጇ ወድቆ፣ ጤፉ በመሬት ተበትኖ፣ «እኔን!» አለች። ሰዋስው ለሚያውቅ ሰው ይህች ቃል እንግዳ ናት፤ ተሳቢ ብቻ ናት፤ ባለቤትም ግስም የላትም። የተሰወረው ግስ «ይምታኝ»፣ «ይድፋኝ»፣ «ያግኘኝ» ነው፤ ድንጋዩ፣ ሕመሙ፣ ሞቱ፣ አንተን ትቶ እኔን። ሴትዮዋ ልጁን አልበደለችውም፤ ስለዚህ ይቅርታ አትለምንም፤ አዝኛለሁም ብትል ቃሉ ባነሰባት ነበር፤ ከሐዘን አልፋ በሕመሙ ስፍራ ራሷን አቀረበች። የሃይማኖት መምህራን ስለ ቤዛነት፣ ማለትም ንጹሑ ስለ በደለኛው ስለ መሰጠቱ፣ ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ነገር ግን ይህን ነገር ከመጻሕፍት ሳይሆን ከሴቶች አፍ፣ ከጤፍ ብናኝ መካከል፣ የሰማ ሕዝብ ቤዛ የሚለውን የግእዝ ቃል ሲሰማ ባዕድ አይሆንበትም።

ለብዙ ዘመን፣ እነዚህን ቃላት እያነጻጸርሁ፣ የእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ እውነተኛ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሐዘንና በደል እንዳይደባለቁ፣ በዳይም በሐዘኑ ተሸሽጎ እንዳያልፍ ይጠብቃልና። አሁን ግን እንደዚያ ለማለት አልደፍርም። እኛም ብንሆን «አዘነ» የሚለውን ግስ በሁለት ፊደል ብቻ ስናስረዝመው፣ «አዘነለት» ሲባል ምሕረት፣ «አዘነበት» ሲባል ቅያሜ ይሆናል፤ ሦስቱ ከአንድ ጕሮሮ ይወጣሉ። ከዚህም ሁሉ በላይ ፍትሐት የምትባለውን ቃል አስባለሁ። ፈትሐ ማለት ፈታ፣ ፈረደም ማለት ነው፤ ካህኑ ለተናዘዘ ሰው ከቀኖናው በኋላ የኃጢአቱን እስራት የሚፈታበት ጸሎት ፍትሐት ይባላል፤ ለሞተ ሰው በቀብር ላይና በሠልስቱ የሚደገመው ጸሎትም ፍትሐት ይባላል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በለቅሶ ቤት የምትናገረውና በንስሐ ደጅ የምትናገረው አንድ ቃል ነው፤ የእንግሊዙ መምህር በአፋቸው አንድ ያደረጓቸውን ነገሮች፣ ከአጠገባችን የተቀመጡት ቄስ በዚያው ጧት ሲጸልዩ አንድ አድርገዋቸው ነበር።

ልጁ የሞተበት ቀን ትምህርት ከወትሮው ዘግይቶ ነበር ያበቃው። መምህሩ ግሶችን ባለማጥናታችን ተቆጥተው፣ የዐሥር ሰዓቱ ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ሁላችንም በቃላችን እስክንወጣ ድረስ አስቀምጠውን ነበር። በመስኮቱ ሲታይ በላይኛው አገር ሰማዩ ጠቍሯል። ያ ልጅ እጁን አንሥቶ በአማርኛ «ወንዝ አለብኝ» አለ። መምህሩ አልገባቸውም፤ በእጃቸው ተቀመጥ የሚል ምልክት ሰጡት፤ ተቀመጠ። ወንዝ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ከክፍሉ ሁሉ አሳምሬ የማውቅ እኔ ነበርሁ፤ ከፊቱ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ተራዬ ደርሶ ግሶቼን ሳልስት እንድወጣ በልቤ እያነበነብሁ ስለ ነበር ዝም አልሁ።

እንግዲህ መምህሩ በዳሱ ውስጥ ጐንበስ ብለው ያችን ቃል ሲናገሩ የትኛውን ማለታቸው ነበር? እንደ ማንኛውም ለቅሶ ደራሽ አዝነው ብቻ ነው ወይስ ያ የተነሣ እጅ ትዝ ብሏቸው? ቃሏ በእርሳቸው ቋንቋ ሁለቱንም ትይዝ ነበር፤ የእኔ ቋንቋ ግን አንዱን እንድመርጥ አስገደደኝ። በመጀመሪያ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ የተረጐምሁት ቃሉን ባለማወቄ ነው ብዬ ከላይ ጽፌአለሁ፤ ይህም እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቃል ከአፌ በዚያ ፍጥነት የወጣው፣ ከእርሳቸው ይልቅ ከእኔ ስለ ወጣ ነው ብዬ የማምንባቸው ሌሊቶች አሉ። «አዝኛለሁ ነው የሚሉት» ብዬ ሳቃና፣ የእርሳቸውን ኑዛዜ፣ ኑዛዜ ከነበረ፣ ከዚያ ቤት አስወጣሁት፤ የራሴንም አብሬ አስወጣሁት።

አባትየው እርማቴን ከሰማ በኋላ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም «እሳቸውንም እግዜር ያጽናቸው በላቸው፣ ልጄ» አለ፤ ቀጥሎም ኩታውን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ፣ «ያጠፉት ነገር ካለም ይቅር ብያለሁ በላቸው» አለ። ይህን ሲናገር ዓይኑ በመምህሩ ላይ አልነበረም፤ በእኔ ላይ ነበር። መምህሩ ምን እንዳለ ጠየቁኝ። የፊተኛውን ለመተርጐም እንግሊዝኛዬ አልበቃኝም፤ የኋለኛውን ለመተርጐም ቃሉን ዐውቀው ነበር። «ታንክ ዩ ይላሉ» አልኋቸው። እርሳቸውም እንደ ገና ጐንበስ ብለው እጅ ነሡና፣ ካፊያው ጀምሮ ስለ ነበር ባርኔጣቸውን ደፍተው ከዳሱ ወጡ፤ እኔም ተከተልኋቸው።